የመንገድ መጨናነቅ የምክር ቤት ጉዳይ ነው ወይስ የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ብቻ? (ከባሕር ዳር)

ዘንባባ ሥር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ከቆየ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ስለነበር ትንሽ ይረዝማል። ታገሡኝ።

ጠዋት 1፡30 ላይ ከዓባይ ማዶ ተነስታችሁ ወደ መሀል ከተማ ለመግባት ሞክሩ። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ከጎንደር የመጣው አይሱዙ፣ ሲሚንቶ የጫነው ተሳቢ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች፣ ሁሉም አንድ ላይ ይተማል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ሲመረቅ በጣም ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። አሮጌው ድልድይ ከ60 ዓመት በላይ ብቻውን ሲሸከም የኖረውን ጭነት ላየ ሰው እፎይታ ነው።

ግን ድልድዩን ተሻግረን የምንገባው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። አደባባዩ ያው ነው። ደርበው የሚቆሙ መኪኖች ያው ናቸው። የጣናን ውሃ ወደ ዓባይ የሚለቀውን የጨረጨራ ግድብ በር ከፍተህ የወንዙን መውረጃ ካልጠረግህ ውሃው የት ይሄዳል?

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። አገር ውስጥ ስለ መጨናነቅ ክርክር ሲነሳ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ናት የምትጠቀሰው። አልቃወምም፣ ዋና ከተማ ናት። ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ለፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ ሲናገሩ፣ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስንሰማ ብዙዎቻችን ደንግጠን ነበር። ለነዳጅ ወጪ ይጠቅማል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። ሆኖም ኤሌክትሪክ መኪናም መንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው። ጭስ የሌለው መጨናነቅም መጨናነቅ ነው። ይህን ለይቶ የሚከራከር የሕዝብ ተወካይ እፈልጋለሁ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት የአዲስ አበባ አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ የከተማዋ መንገድ ፓርላማ ቢገባ ቦታው ነው። ግን ከ547 ወንበሮች የአዲስ አበባ 23 ብቻ ናቸው። የቀሩት ተወካዮች የመረጣቸው ሕዝብ የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው። አንድ የገጠር ወረዳ ተወካይ ስለ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ምን ብሎ ይሟገታል? «የእኔ ወረዳ እኮ ጭራሽ መንገድ የለውም» ቢል ትፈርዱበታላችሁ? እኔ አልፈርድበትም።

የእኛስ? ባሕር ዳር የክልሉ ዋና ከተማ ናት። የክልሉ ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚሁ ነው። ተወካዮቹ ለጉባኤ ሲመጡ በዚሁ መንገድ ነው የሚገቡት። እና ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ የከተማችን መጨናነቅ በቀን ተቀጥሮለት፣ በሕዝብ ፊት፣ በምክር ቤት ክርክር ይደረግበት ወይስ እንደተለመደው በዘመቻና በፊሽካ ይለፍ? እኔ ክርክር እላለሁ። ገና አልረፈደም።

ባለ ሦስት እግር፦

ወንድሜ አጻጻፍህ ጥሩ ነው። ግን እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ «መጨናነቅ» የሚለውን ቃል ስሰማ ገና ሆዴ ይፈራል። ምክንያቱም ውይይቱ የትም ተጀምሮ የት፣ መጨረሻው እኛ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሞተር ሳይክል በ2011 ሲከለከል ስንት ልጅ ሥራ ፈታ?

እስኪ ከእኛ በኩል እዩት። መናኸሪያ አካባቢ ቁም የተባልኩበት ቦታ የለም። አትቁም የተባልኩበት ቦታ ላይ ደግሞ ተሳፋሪ አለ። እናት ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል ይዛ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ እጇን ስታወዛውዝ አይቻት ልለፍ? ቆሜ ባነሳት ቅጣት፣ ባልፋት ደግሞ የልጆቼ ዳቦ። ፌርማታ አድርጉልን፣ መስመር ለዩልን፣ እናከብራለን። ምክር ቤት ከገባችሁ ይኼንን ይዛችሁ ግቡ።

የፖሊ ልጅ፦

የባጃጁን ወንድማችን ሐሳብ እጋራለሁ። ግን ስሌቱንም አብረን እንየው፤ እኔ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የምማረው።

60 ሰው ከዓባይ ማዶ ወደ ፋሲሎ መሄድ ፈለገ እንበል። ባጃጅ በሕጉ ሦስት ሰው ነው የሚጭነው፤ 20 ባጃጅ ያስፈልጋል። በ12 ሰው ሚኒባስ ከሆነ አምስት። በትልቅ አውቶቡስ ከሆነ አንድ ይበቃል፣ የቆሙትን ጨምሮ። 20 ባጃጅ አንድ አንድ ሜትር ተራርቀው ቢሰለፉ ከ70 ሜትር በላይ መንገድ ይይዛሉ። አውቶቡሱ 12 ሜትር። የቤት መኪናማ አይወራ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሾፌሩ ብቻውን ነው። ለ60 ሰው 60 መኪና ብትል የአዲሱን ድልድይ አንድ ረድፍ አብዛኛውን ይይዛል።

ስለዚህ ባጃጅ አይደለም ጠላቱ። በጣም ብዙ ቦታ ለጥቂት ሰው የሚወስደው የቤት መኪና ነው። ግን ቅጣቱ ሁልጊዜ ድሃው ላይ ይወርዳል፤ እዚህ ላይ ወንድማችን ልክ ነው። ባጃጅ ከዋናው መስመር ይልቅ ከሰፈር እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ቢመላለስ ሁለቱም ይጠቀማሉ ባይ ነኝ።

የዓባይ ማዶዋ፦

እናንተ ስለ ሜትር ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ እህቴ ላውራ።

አዲሱ ድልድይ ገና ሳይከፈት ነው። ምጥ ያዛት። ሌሊት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የያዛት ግን ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ በሚገባበት ሰዓት። ኮንትራት ባጃጅ ይዘን ወጣን። አሮጌው ድልድይ አፍ ላይ ስንደርስ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቆሟል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም። ነጂው ወርዶ እየለመነ መንገድ ሲያስከፍት፣ እኔ እጇን ይዤ «ማርያም ማርያም» ስል፣ ከእግረኞች መሀል አንዲት የማላውቃት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ጋረደችን። ደረስን፤ ልጁም እናቱም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ግን ያንን ደቂቃ እስክሞት አልረሳውም።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማ የሚሄደው ጭነት ሁሉ በዚያ አንድ ድልድይ ነበር የሚያልፈው። ዛሬ ሁለት ድልድይ አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ምክር ቤቱን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አምቡላንስ ሲመጣ ሰው የት ይሽሽ? መሸሻ የሌለበት መንገድ ላይ «ለአምቡላንስ ቅድሚያ ስጡ» ማለት ምን ይጠቅማል?

ዘንባባ ሥር፦

እህቴ፣ እግዜር ልጁን ያሳድግልሽ። ይኼንን ታሪክ ከላይ ከጻፍኩት ሁሉ በፊት ማስቀመጥ ነበረብኝ። አንድ ተወካይ ይኼን ሰምቶ ዝም ካለ ሌላ ምን ልንነግረው እንችላለን?

ባለ ሱቅ ከገበያው፦

እኔ ደግሞ በግልጽ ልቃወም። ክርክር ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ክፍያ ነው። የውጭ አገሩን ከተማ ታመጡና «መሀል ከተማ የሚገባ መኪና ይክፈል» ትላላችሁ። የእኔ ዕቃ በአይሱዙ ነው የሚመጣው። መኪናው ከከፈለ እኔ እጨምራለሁ፣ እኔ ከጨመርኩ ዘይቱን የሚገዛው ሰው ይከፍላል።

አዲስ አበባ ከባድ መኪና ቀን እንዳይገባ በሰዓት ገድበዋል። እዚህም በሌሊት ይራገፍ ብትሉ አልጠላም፤ ግን ወዛደሩ በሌሊት እንዴት መጥቶ እንዴት ይመለሳል? ጥበቃውንስ ማን ይከፍላል? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ውሳኔ አይውጣ።

ከስዊድን፣ የሽንብጥ ልጅ፦

ሽንብጥ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ስቶክሆልም የምኖር ነኝ። ባለ ሱቁ ያነሳው ነገር እዚህ ከተማ በጣም ከባድ ክርክር አስነስቶ ስለነበር የማውቀውን ልጻፍ፤ የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ መሀል ከተማ ለመግባት መኪና ይከፍላል። የሚገርመው ክፍያውን የከተማው ምክር ቤት ብቻውን መጣል አልቻለም። የከተማ አስተዳደር የራሱ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ላይ ግብር መጣል ስለማይችል ነገሩ የመንግሥት ግብር ተባለና በ2004 እ.ኤ.አ. ሕጉ ከአገሪቱ ፓርላማ ወጣ። እና የአንድ ከተማ መንገድ የአገር ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ግን ወዲያው አልጫኑትም። መጀመሪያ ሙከራ አደረጉ፣ ከጥር 2006 እስከ ሐምሌ መጨረሻ። ከሙከራው በፊት ብዙው ሰው ተቃዋሚ ነበር። ሲጀመር የክፍያውን መስመር የሚያቋርጠው መኪና በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። አውቶቡስም ቀደም ብለው ጨምረው ነበር። ከዚያ ሙከራውን አቁመው መስከረም ላይ ሕዝቡን ጠየቁ። የከተማው ነዋሪ በጠባብ ልዩነት «ይቀጥል» አለ። ሕዝበ ውሳኔ ያደረጉት የዙሪያው ከተሞች አብዛኞቹ ደግሞ «አይሆንም» አሉ። በነሐሴ 2007 ቋሚ ሆነ።

የዙሪያዎቹን ተቃውሞ አትናቁት። መኪናቸው ይከፍላል፣ ድምፃቸው ግን አልወሰነም። መሸንቲና ዘንዘልማ የሚኖረው ሰው ባሕር ዳር ሲገባ ይክፈል ብትሉ ያው ቅሬታ ይመጣል። ለንደን በየካቲት 2003 በቀን አምስት ፓውንድ ማስከፈል ስትጀምርም ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። እዚያ ግን ከፓርላማ በ1999 የወጣው ሕግ ገቢው ለትራንስፖርት ብቻ እንዲውል አስሮታል። ሰው ገንዘቡ አውቶቡስ ሆኖ ሲመለስ ያያል።

እኔ «ባሕር ዳር ታስከፍል» እያልኩ አይደለም። አማራጭ አውቶቡስ በሌለበት ማስከፈል ሰውን መቅጣት ነው። እኔን የማረከኝ አካሄዳቸው ነው፦ ሞክሩ፣ ለኩ፣ ለሕዝብ አሳዩ፣ ከዚያ ጠይቁ።

ባለ ሱቅ ከገበያው፦

እንዲህ ከሆነ እሰማለሁ። ሞክሮ ማቆም የሚቻል ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እኛ የለመድነው ከጀመሩት የማያቆሙትን ነው።

አራት ኪሎ፦

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ እናቴ ግን ባሕር ዳር ናት፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ እመጣለሁ። እባካችሁ ከእኛ ተማሩ።

እኛ መንገድ አሰፋን። የሰፋው ሞላ። ማሳለጫ ሠራን፤ ሰልፉ ከአንዱ መብራት ወደ ሌላው ተዛወረ። መስከረም 2008 ላይ ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ሕዝቡ በደስታ ነበር የተቀበለው። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው ብድር። እኔ ራሴ ስንት ዓመት በእሱ ተመላልሻለሁ፤ ዋጋውም ለድሃ የሚሆን ነበር። በኋላ ግን በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። ፓርላማ መከራከር የነበረበት ያኔ ነው፤ ሪባን ሲቆረጥ ሳይሆን መለዋወጫ ሲጠፋ። ተወካይ «ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ?» ብሎ ይጠይቃል። «ዛሬ ጠዋት ስንቱ ሠራ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አልሰማሁም።

አንድ ጥሩ ነገርም ልንገራችሁ። ኅዳር 2011 ላይ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና መንገዶች በአንድ እሑድ ለመኪና ተዘጉ። ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ አየሁ። ለአንድ ቀን ቢሆንም መንገዱ ስንት ሰው መያዝ እንደሚችል ያየሁት ያን ቀን ነው። ባሕር ዳር ለዚህ ከእኛ ይልቅ ትመቻለች። ሜዳ ናት፣ ጥላ አላት፣ ሐይቅ አላት።

ጋሽ ሳይክል፦

ልጆቼ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ጨርቃ ጨርቅ ሠርቼ ነው ያረጀሁት። የምትጽፉትን ሳነብ ደስ አለኝ፣ እኔም ልናገር።

ይህች ከተማ ሲነደፍላት የጀርመን ባለሙያዎች ነበሩበት። ሰፊ መንገድ፣ መሀሉ ላይ ዘንባባ፣ ወደ ሐይቁ የሚወስድ ጎዳና። የተነደፈችው በእግርና በሳይክል ለሚሄድ ሰው ነው ብል አልዋሽም። ፋብሪካው በ1953 ተከፈተ፣ ፖሊ የምንለው ፖሊቴክኒክ በ1955 ተከተለ። እኔ ስቀጠር ፈረቃ ሲለቀቅ መንገዱን የሚሞላው መኪና ሳይሆን ሳይክል ነበር። ደወሉ ሲንጫጫ ከሩቅ ይሰማል። ሚስቴን ከኋላ አስቀምጬ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እወስዳት ነበር። ሐኪሙም፣ መምህሩም፣ ዳኛውም ሳይክል ይነዳ ነበር፤ ማንም አያፍርም።

ዛሬ ልጄ ሳይክሌን ደብቃብኛለች። «አባዬ፣ ይገጩሃል» ትላለች። እውነቷን ነው። ዳር ዳሩን ስሄድ የቆመ መኪና አለ፤ እሱን ልዞር መሀል ስገባ አይሱዙው ጡሩንባውን ያስጮህብኛል። ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት ይባላል እንጂ፣ ለእኔ ዕድሜ ሰው አሁን አይደለችም። በቅርቡ በኮሪደር ልማት የእግረኛና የሳይክል መንገድ የተሠራበት አለ፣ አይቻለሁ፣ ተራምጄበታለሁ፣ መርቄያለሁ። ግን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይገናኝ። የተቆራረጠ የሳይክል መንገድ ሳይክል አያስነዳም።

ምክር ቤት የሚገባ ሰው ካለ ይህን ቃሌን ይዞልኝ ይግባ።

የፖሊ ልጅ፦

ጋሼ፣ ቃልዎን እኔ እይዛለሁ። ሳይክልዎንም ልጅዎን ለምነን እናስመልሳለን።

ባለ ሦስት እግር፦

ጋሽ ሳይክል ያሉት ልቤን ነካኝ። አባቴም ጨርቃ ጨርቅ ነበር። ከሳይክሉ ሌላ ያወረሰኝ ንብረት አልነበረም፤ ሸጬው ነው ለባጃጁ መነሻ ያደረግሁት።

ጣና ዳር፦

ለምን ሁላችሁም አስፋልት ላይ ብቻ ትጨናነቃላችሁ? ከተማዋ ከሰሜን በሐይቁ፣ ከምሥራቅ በወንዙ ታጥራለች። ዘጌ ያለው ሰው እኮ ቡናውንና ሎሚውን ይዞ በጀልባ ነው የሚመጣው። ጣናነሽ 2 የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስንት ተራራ ተሻግራ ስትመጣ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ አጅቧታል። ጀልባ ለቱሪስትና ለገዳም ጉዞ ብቻ ነው ያለው ማነው? ከዓባይ ማዶ ሐይቅ ዳርቻ ወደ ከተማው ወደብ ትንሽ የሕዝብ ጀልባ ጠዋትና ማታ ብትመላለስስ?

ዘንባባ ሥር፦

ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ሆኖም ሐይቁ የዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው፣ እንቦጩም አለ። ሞተሩ ዘይት እንዳያፈስስ፣ ዳርቻው ላይ ያለው ደንገልና ወፉ እንዳይረበሽ ታስቦ ከሆነ ይሞከር። ለዘጌ መስመርማ መጀመሪያውኑ ተገቢ ትኩረት አላገኘም።

አሁን የሁላችሁንም አንብቤ ላጠቃልል አልልም፣ አንድ የማምንበትን ብቻ ልናገር። ተቃውሞ ያነሳችሁት ሁሉ ልክ ናችሁ፣ እና ለዚህ ነው ምክር ቤት ያስፈልገናል ያልኩት። ባጃጅ ነጂው ዳቦውን፣ ባለ ሱቁ ዕቃውን፣ እህታችን አምቡላንሱን፣ ጋሼ ሳይክላቸውን ይዘው ቀርበዋል። አንድ ኃላፊ ቢሮ ተቀምጦ መመሪያ ቢጽፍ ከእነዚህ ሦስቱን ይረሳል። በሕዝብ ፊት የሚከራከር ተወካይ ግን ቢረሳ የሚያስታውሰው ሌላ ተወካይ አጠገቡ ተቀምጧል።

የሚጎድለን አንድ ነገር አለ። ባዶ እጃችንን ሄደን «መንገዱ ተጨናንቋል» ብንል «እናውቃለን» ይሉናል። መኪና ሳይሆን ሰው እንቁጠር። በአንድ ሰዓት ውስጥ በድልድዩ ስንት ሰው በእግሩ፣ ስንት በሳይክል፣ ስንት በባጃጅ፣ ስንት በሚኒባስ፣ ስንት በቤት መኪና እንደሚያልፍ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘን የመረጥነው ተወካይ ዘንድ እንሂድ። የሚመጣው ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡00 እስከ 2፡00። ማን አለ?

የፖሊ ልጅ፦

እኔና ሦስት ጓደኞቼ አለን። የመቁጠሪያ ቅጹን ዛሬ ማታ አዘጋጃለሁ። በአንድ አቅጣጫ ሁለት ሁለት ሰው ብንሆን ይበቃል፤ አንዱ እግረኛና ሳይክል፣ ሌላው ተሽከርካሪ።

ባለ ሦስት እግር፦

ያን ሰዓት እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ግን ስንት ሰው እንደጫንኩ በየምልልሱ ጽፌ አመጣላችኋለሁ። አምስት ስድስት ጓደኞቼንም አስጽፋለሁ። ትርፍ የጫንኩትንም እጽፋለሁ፣ ቅጣት እንዳታስመጡብኝ ብቻ።

ባለ ሱቅ ከገበያው፦

እኔ ገበያው በር ላይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ስንት መኪና እንደሚያራግፍ እመዘግባለሁ። የሳምንቱን ሙሉ።

የዓባይ ማዶዋ፦

እኔም አለሁ። ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ በማዶ በኩል እቆማለሁ። የእህቴ ልጅም ይመጣል፤ ገና መቁጠር አይችልም፣ እይዘዋለሁ።

ጋሽ ሳይክል፦

ልጄ አሁን ከኋላዬ ሆና ይህን አነበበች። ሳይክሉን ከጓዳ አውጥታ ጎማውን እየነፋች ነው። በከተማው በኩል የሳይክሎቹን ቆጠራ ለእኔ ተዉልኝ።